ሥራ አምሽታችሁ በማታውቁት የጎንደር ሰፈር ራት ስትፈልጉ

ሥራው ያመሸው አዘዞ ነው እንበል፤ ወይ ማራኪ፣ ወይ ሳሙና በር። ሰዓቱ ለ1 ሩብ ጉዳይ ነው፣ ምሳ እንደነገሩ ነበር፣ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው አጠገብ የለም። እዚህ ላይ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ባለ ፎቁን ሆቴል አይቶ ይገባል፣ አለዚያ ባጃጅ ይዞ ፒያሳ ይመለሳል። በሁለቱም ጦም አይታደርም። ነገር ግን በጎንደር ዳር ዳር ሰፈሮች ደህና ራት ያለው ብዙ ጊዜ ታፔላ በሌለው፣ ቢኖረውም ዝናብ ባጠበው ቤት ነው። እሱን ለማግኘት የሚነበቡት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ቀኑ፣ ሰዓቱና እንጀራው። የወንበሩና የመብራቱ ማማር ከነዚህ በኋላ ይመጣል።

ቀኑን ቁጠሩ

ጎንደር ጾም የሚጠበቅባት ከተማ ናት። ረቡዕና ዓርብ የክርስቲያን ሉካንዳ ሥጋ አይሰቅልም፤ አብዛኛው ምግብ ቤትም የፍስክ ድስት አይጥድም። በነዚህ ቀናት ጥብስ እያሉ ሰፈር መዞር እግር ማድከም ነው። የጾም ምግብ ግን የሚጥመው በጾም ቀን ነው። በየዓይነቱ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ድንች፣ ሽሮ፣ ሱፍ፣ አዚፋ እያለ ስምንት ዘጠኝ ነገር ይፈልጋል፤ ቤቱ ያን ሁሉ በትኩሱ የሚሠራው የሚያዝዘው ሰው ሲበዛ ብቻ ነው። ሰኞ ማታ በየዓይነቱ ያዘዘ ሰው ምናልባት በቤቱ ብቸኛው ነው፤ ምስሩ የጠዋት፣ ጎመኑ የትናንት ቢሆን አይግረመው። በፍስክ ቀን ጾም መብላት ከፈለጋችሁ ሽሮ እዘዙ። ሽሮ ለአንድ ሰውም ቢሆን እንደ አዲስ ይሠራል።

ሥጋ ለሚፈልግ ሐሙስ ማታ ከሁሉ ይሻላል። ረቡዕ የተጾመበት ሆድ ሐሙስ ስለሚያካክስ ሥጋ ቤቱ ይሞላል፣ የታረደውም የዕለቱ ነው። ማክሰኞ ማታም ጥሩ ነው፤ ባለ ሉካንዳው ለረቡዕ የሚያሳድረው ሥጋ ስለማይፈልግ በሚዛኑ ለጋስ ይሆናል። ሆኖም ከ2 ሰዓት በኋላ የደረሰ ሰው የሚያገኘው ጅማትና አጥንት የበዛበትን ነው። እሁድ ማታ ሰው ቤቱ ስለሚበላ ምግብ ቤቶች ይቀዘቅዛሉ፤ እሁድ ያመሸ ሠራተኛ ከጠበበ ምርጫ ነው የሚመርጠው።

ረጃጅሞቹን አጽዋማትም አስታውሱ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ በሰኔ ደግሞ የሐዋርያት ጾም አለ። በነዚህ ወራት ሥጋ ቤቶች ወይ ይዘጋሉ ወይ ወደ ሽሮ ይዞራሉ። ዓመቱን ሙሉ ሥጋ ሲጠብሱ የኖሩ እጆች ለሁለት ወር የሚሠሩት ሽሮ የሽሮ ቤት ሽሮ አይደለም፤ በጾም ወቅት ከተቻለ ዓመቱን ሙሉ የጾም ወደሚሠራ ቤት ሂዱ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ያን ጊዜ የቀኑ ሕግ ሁሉ ይፈታል።

የሙስሊም ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት በዚህ ቆጠራ ውስጥ አይገባም፤ ረቡዕም ዓርብም ሥጋ አለ። አዲስ ዓለምና ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ታገኟቸዋላችሁ። በር ላይ ያለው መስቀል ወይም ጨረቃ የማን እርድ እንደሆነ ይነግራችኋል። አብሯችሁ የሚበላ የሥራ ባልደረባ ካለ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁት፤ በጎንደር የሌላውን እርድ የማይበላ ሰው ብዙ ነው፣ ትሪው ከመጣ በኋላ ማወቅ ደግሞ ለሁሉም ያሳፍራል። በረመዳን ጀንበር ስትጠልቅ ሾርባ፣ ሳምቡሳና ተምር በየቤቱ ደጃፍ ይወጣል፤ በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ከደረሳችሁ ሳምቡሳው ከዘይቱ እንደወጣ ነው።

ሰዓቱ

ከ11፡30 እስከ 12፡30 ለራት ክፉ ሰዓት ነው። የምሳው ወጥ አላለቀም፣ የማታው ድስት ገና አልተጣደም። አስተናጋጇ “አለ” ትላለች፤ አለም፣ ግን የ6 ሰዓቱ ነው። በዚህ ሰዓት ከሥራ ከወጣችሁ ቡና ጠጡ፣ ሰፈሩን ዙሩ፣ ሰው ጠይቁ። ራቱ የሚደርሰው ከ12፡45 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ከ2፡30 በኋላ እንጀራ የሚያልቅባቸው ቤቶች ይኖራሉ፤ 3 ሰዓት ላይ ጓዳው ድስት ማጠብ ይጀምራል፣ የሚቀረውም የመጠጥ ቤት ጥብስ ነው።

አዲሱ ድስት መጣዱን ለማወቅ በር ላይ ቆም ብላችሁ አሽትቱ። ሽንኩርት በደረቁ ሲቁላላ የሚያወጣው ሽታ ያቃጥላል፣ ዓይንም ይቆነጥጣል፤ ያ ሽታ ካለ ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ ብሉ። የሚሸታችሁ የተደጋገመ ዘይት ብቻ ከሆነ ወጡ እየሞቀ ነው።

መብራት ሲጠፋ ነገሩ ይለወጣል። በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግር ቤት ከሰዓት በኋላ መብራት ከሄደበት ማታ የሚያቀርበው ከሌላ የተገዛ እንጀራ ነው፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ የነበረ ሥጋና አሳም ይጠረጠራል። በጨለማ ሰፈር ውስጥ ከሰል የሚያርገበግብ ቤት ፈልጉ። በዚያ ምሽት እሱ ከባለ ጄኔሬተሩ ሆቴል ይሻላል፤ ጄኔሬተሩ ብዙ ጊዜ አምፖሉንና ቴሌቪዥኑን እንጂ ጓዳውን አያነሳም።

ማንን፣ ምን ብሎ መጠየቅ

“እዚህ ጥሩ ምግብ ቤት የት አለ?” ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ የታወቀ ነው፤ ትልቁን ሆቴል ያሳዩታል። የተጠየቀው ሰው ውሸት አልተናገረም፤ ለእንግዳ የሚመጥነውን ነው የመረጠላችሁ። ጥያቄውን ወደ ራሱ ሆድ አዙሩት፦ “ወንድሜ፣ አንተ ራት የት ነው የምትበላው?” በዕድሜ ለገፋ ሰው፦ “ጋሼ፣ ቤትዎ ባይበሉ እዚህ ሰፈር የት ይገባሉ?” ቀጥሎ ሁለተኛ ጥያቄ አለ፤ ዋናው እሱ ነው፦ “እዚያ ምኑ ነው የሚበላው?” “ሁሉም አለ” ካለ ተዉት። “የሷ ሽሮ” ወይም “ቅቅላቸው” ካለ ግን ያዙት፤ ምግቡ ባለቤት ያለው ቤት ተገኘ ማለት ነው።

ከሚጠየቁት ውስጥ ተራ የሚጠብቁ የባጃጅ ሾፌሮች ቀዳሚ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ውጭ ነው የሚበሉት፣ በርካሽ ካልሆነ አይገቡም፣ ሆዳቸው ከታወከ ደግሞ የዕለት ገቢያቸው ይቀራል። አንድ ጉዳይ ብቻ አለ፤ በእግር ሦስት ደቂቃ የሆነውን ቤት “እኔ ላድርሳችሁ” የሚል ይኖራል። የሆቴልና የባንክ ዘበኞችም ጥሩ ናቸው፤ የሚጠብቁት ሆቴል ውስጥ እንደማይበሉ አስታውሱ። ሊስትሮዎች የሰፈሩን ሽሮ ቤት ሁሉ በዋጋ ቅደም ተከተል ይነግሯችኋል። ከሁሉ ግን በመንገድ ዳር እንጀራ የምትሸጠዋን ሴት የሚተካ የለም። “እትዬ፣ ከእርስዎ እንጀራ የሚወስደው ምግብ ቤት የቱ ነው?” ብላችሁ ጠይቁ፤ እንጀራዋን ደግሞ እዚያው ፊት ለፊታችሁ ታዩታላችሁ።

ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎችን ጠይቁ። ሁለቱም አንድ ቤት ከጠሩ ሦስተኛ አያስፈልግም።

በሩ ላይ አንድ ደቂቃ

ከመቀመጣችሁ በፊት ትሪዎቹን ተመልከቱ። በብዙ ትሪ ላይ አንድ ዓይነት ነገር ካለ ቤቱ የሚያውቀው እሱን ነው፤ እሱን እዘዙ። ሁሉም የተለያየ ከያዘ ወይም ሰዉ ሁሉ ቢራ ብቻ ከጨበጠ መጠጥ ቤት ገብታችኋል። ውሃውንም እዩ። በጎንደር የቧንቧ ውሃ በወረፋ የሚመጣባቸው ሰፈሮች ስላሉ ቢጫ ጄሪካን ማየት ነውር አይደለም፤ ነውሩ እጅ መታጠቢያው ላይ ውሃም ሳሙናም አለመኖሩ ነው። ለእጅ ውሃ ያጣ ቤት ለሰላጣውም የለውም። እንዲህ ባለ ቤት ጥሬ ነገር፣ የቃሪያ ስንጉንም ሳይቀር፣ ተዉና ትኩስ ብቻ ብሉ።

ካልጣማችሁ ለመውጣት “ሰው እየጠበቅን ነው፣ እንመለሳለን” ይበቃል። ማንም አያምናችሁም፤ ማንም አይቀየማችሁም።

እንጀራው

ወጥ በርበሬና ቅቤ ይሸፍነዋል፤ እንጀራ ግን ገመናው ውጭ ነው። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት “እንጀራችሁን እስኪ አንዴ” ብላችሁ አንድ አስመጡ። መጠየቁ የተለመደ ነው፣ ደህና ቤት ይኮራበታል።

ዳሩን በሁለት ጣት ይዛችሁ እጠፉት። ደህና የጤፍ እንጀራ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል፤ እጥፋቱ ላይ ስንጥቅ ካወጣ ወይ ክዳን ሳይኖረው ውሏል፣ ወይ ሩዝ በዝቶበታል። ከፎገራ የሚመጣውን ሩዝ ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ መጋገር በዚህ አገር የተለመደ ነው፤ ጤፍ ሲወደድ የማይቀላቅል ምግብ ቤት ጥቂት ነው፣ ክፋትም የለውም። ችግሩ ሩዝ የበዛበት እንጀራ በትኩሱ ነጭና ለስላሳ ሆኖ ያታልልና ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ይፈረፈራል። ጠዋት የተጋገረው እስከ ማታ አይዘልቅም። ለምሳ ያማረው ቤት ለራት የሚያሳዝነው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ማታ ላይ ሰርገኛ ወይም ጥቁር ጤፍ የሚያቀርበው ቤት ከነጩ ይበልጣል።

ከዚያ ገልብጡት። ጀርባው አንድ ወጥ የሆነና የሚያብረቀርቅ መሆን አለበት። ነጫጭ ዱቄት ነጠብጣብ ካለ ሊጡ በደንብ አልታሸም፤ ጥቁር ክብ ክብ ካለ ምጣዱ ከመጠን በላይ ግሏል ወይም አልተወለወለም። ፊቱ ላይ ያለው ዓይን ከዳር እስከ መሐል እኩል ቢሆን ጥሩ፤ መሐሉ ድፍን ከሆነ አብሲቱ ቀጥኗል ወይም ሊጡ ሳይነሳ ተቸኩሏል፤ እንዲህ ያለው ሆድ ውስጥ ይከብዳል። በመጨረሻ ትንሽ ቆርሳችሁ ያለ ወጥ ቅመሱ። ለስላሳ ኮምጠጥ ማለት ደንቡ ነው። ምላስ የሚያኮማትር ከሆነ ሊጡ ቀን አልፎታል፤ የሻጋታ ሽታ፣ በጣም ትንሽም ብትሆን፣ ካለ ተነሱና ሂዱ። ስለዚህ ሽታ አስተናጋጅ የሚሰጠው ማብራሪያ አይኖርም።

ምን ይታዘዝ

በማታውቁት ቤት የመጀመሪያ ትእዛዛችሁ ሽሮ ይሁን። ርካሽ ነው፣ በትእዛዝ ይሠራል፣ የጓዳውንም እጅ ያሳያል። ተጋቢኖ በሸክላ ድስት ፍትክ ፍትክ እያለ ነው የሚቀርበው፤ ለመድረስ 15 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። በ3 ደቂቃ ከመጣ ከትልቁ ድስት ተጨልፎ ነው የሞቀው፤ መጥፎ ላይሆን ይችላል፣ ግን ተጋቢኖ አይደለም፣ የተጋቢኖ ዋጋም አይከፈልበትም። ደህና ሽሮ ዳር ዳሩ ላይ ዘይቱን ይተፋል። ያልበሰለው ጉሮሮ ላይ ጥሬ የሽምብራ ጣዕም ይተዋል። ስንዴ ዱቄት የተጨመረበት ደግሞ እንደ ሙጫ ላንቃ ላይ ይጣበቃል፣ ሲቀዘቅዝም ቆዳ ያበጃል። በጾም ቀን ዘይቱንም ተመልከቱ፤ የሚረጋው የፓልም ዘይት በጎንደር የማታ ብርድ ትሪው ጠርዝ ላይ ነጭ ሆኖ ይጋገራል፣ ኑግ ወይም ሱፍ ዘይት ግን ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። በፍስክ ቀን ቦዘና ካዘዛችሁ ሥጋው ቋንጣ ይሁን ትኩስ ጠይቁ። ቋንጣ የገባበት ይሻላል፤ ትኩሱ ብዙ ጊዜ ከጥብስ የተረፈው ነው።

ጥብስ በኪሎ ነው የሚታዘዘው። ለሁለት ሰው ግማሽ ኪሎ ከአጥንቱ ይበቃል፤ ለሦስት ሰው ግማሽ ኪሎ ጥብስና አንድ ሽሮ አድርጉት። ሚዛኑ የጥሬው ነው፤ ሲጠበስ ሩቡን ወይም ከዚያ በላይ ውሃው ስለሚሄድ በትሪ የመጣው ቢያንስ አትደንግጡ፣ ለዚያም ነው ሲመዘን መቆም ያለባችሁ። የተሰቀለውን ሥጋ ስታዩ ፊቱ ደረቅ ብሎ ጠቆር ያለ ቀይ ከሆነ ጠዋት ታርዶ በንፋስ የዋለ ነው፤ ይህ የሚፈለገው ነው። የሚያብረቀርቅና ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ታጥቧል፤ ሥጋ የሚታጠበው ሽታ ለማጥፋት ወይም ሚዛን ለማንሳት ነው፣ ድስት ውስጥ ሲገባም መጠበሱን ትቶ ይቀቀላል። የቄራው ማኅተም ያለበትን ወገን ለማየት አትፈሩ። “ከጎድኑና ከሽንጡ ቀላቅልልኝ” ማለት ጥሩ ትእዛዝ ነው፤ ጎድኑ ስብ ይሰጣል፣ ሽንጡ ሥጋ። ምን ያህል እንደሚበስልም ተናገሩ፤ ዝም ካላችሁ ለጠጪ የሚሆነውን ለብ ለብ ያደርጉላችኋል።

ጥሬ ሥጋ በማታ፣ በማይታወቅ ቤት፣ አንመክርም። ከጠዋት ጀምሮ ተሰቅሎ የዋለ ነው፣ የኮሶ ትልም የሚተላለፈው በዚሁ መንገድ ነው። ቁርጥ የጠዋትና የረፋድ ምግብ ነው።

ቅቅል ግን የማታ ነው፤ በተለይ በክረምት። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ አጥንት፣ ክክና ሽምብራ ቆላ ካለው ቤት ይልቅ እዚህ ይዘገያሉ። ለምሳ የተጣደ ቅቅል ለምሳ ሳይደርስ ማታ ላይ ሥጋው ከአጥንቱ በራሱ ይለቃል። መረቁን አስቀድማችሁ በብርጭቆ ጠይቁ፤ ጠራ ያለና ዳሩ ላይ ወርቃማ ስብ ያለው ከሆነ ሳታመነቱ እዘዙ። መረቁ ነጣ ብሎ ዱቄት ዱቄት ካለ አወፍረውታል።

አሳ ከጣና ነው የሚመጣው፤ ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች ጠዋት የተጠመደው ከሰዓት ጎንደር ይደርሳል። ሙሉ ጥብስ ቆሮሶ (ቲላፒያ) እዘዙና ሳይጠበስ አሳዩኝ በሉ። ዓይኑ የጎደጎደ፣ ስንጥቡ ቡናማ የሆነ አሳ ቢያንስ አንድ ቀን አድሯል። ጉላሽና ኮተሌት ላይ ይህን ማየት አይቻልም፤ ያደረ አሳ መጨረሻውም ብዙ ጊዜ ጉላሽ ነው። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ትሪ ላይ አታንሱት፤ በልታችሁ አትጨርሱም።

ሰፈር በሰፈር

አዘዞ ላይ የባሕር ዳሩና የመተማው መንገድ ይለያያሉ፤ አየር ማረፊያውም የጦር ካምፑም በዚያ ወገን ነው። ስለዚህ ራቱ የሾፌር ራት ነው፤ ደረቅ ጥብስ፣ ቅቅል፣ ፓስታ በእንጀራ። የጭነት መኪኖች ተደርድረው የቆሙበትን ቤት ምረጡ፤ ግን ሾፌሮቹ እየበሉ ይሁን መኪናውን አቁመው ተኝተው ይሁን ገብታችሁ እዩ። ከዋናው መንገድ አንድ ረድፍ ወደ ውስጥ ሲገባ ዋጋው ይቀንሳል፣ አቧራውም እንዲሁ።

ማራኪ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለበት ሰፈር ስለሆነ ሽሮ፣ ፍርፍርና እንቁላል በብዛትና በርካሽ አለ። ተማሪ ክፍያ ላይ ጠንቃቃ ነው፣ ጥራት ላይ ግን ይምራል፤ ስለዚህ ረጅም ሰልፍ ማራኪ ላይ የሚያሳየው ዋጋን ነው። መምህራንና የግቢው ሠራተኞች የሚገቡበትን ጠይቁ። ክረምት ተማሪ ሲወጣ ግማሹ ቤት ይዘጋል።

ሆስፒታሉ አካባቢ፣ ኮሌጅ በሚባለው በኩል፣ ከተማው ሲተኛ የሚያመሹ ቤቶች አሉ። አስታማሚና የሌሊት ተረኛ ናቸው ደንበኞቹ። ሾርባ፣ አጃ፣ ቅቅልና ለስለስ ያለ አልጫ የሚገኘው እዚህ ነው፤ ሥራ ውሎ ሆዱ የተረበሸ ሰው ጥብስ ፍለጋ ከሚዞር እዚህ ቢመጣ ይሻለዋል።

ቅዳሜ ገበያ ዙሪያ ቅዳሜ ማታ ጥሩ አይደለም፤ ገበያተኛው ደህናውን እስከ 10 ሰዓት ጨርሶታል። በሌላው ቀን ግን ቅመሙና ጤፉ እዚያው ስለሚሸጥ በርበሬያቸው ያልሰነበተ ነው። ጥር 10 እና 11 በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ይህ ሁሉ መመሪያ አይሠራም፤ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ዋጋ ይጨምራል፣ የቀረበውን መብላት ነው።

ቆርቆሮ ጣሳ የተደፋበት እንጨት ደጁ ላይ ያቆመ ቤት ጠላ ቤት ነው፤ ምግብ ቤት አይደለም። አንዳንዱ ቆሎ ወይም ሽሮ ያቀርባል። ጠላውንም ሆነ ከገብስ የሚጠመቀውን ኮረፌ ከራት በኋላ አድርጉት፤ ባዶ ሆድ ላይ የገባ ጠላ ራቱን ያስረሳል።

ሒሳቡና መመለሻው

ዋጋ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ፤ የዋጋ ዝርዝር ካለ “ከነቫቱ ነው?” በሉ፤ 15 በመቶው በሒሳቡ ላይ ድንገት እንዳይመጣ። ተጨማሪ እንጀራ የሚያስከፍልም የማያስከፍልም አለ፤ ይህም ይጠየቅ። ቴሌብርና የባንክ ዝውውር በብዙ ቤት ይሠራል፣ ግን ኔትወርክ የሚጠፋው መብራት በጠፋበት ምሽት ስለሆነ ዝርዝር ብር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ለሦስት ሰው ሰባት እንጀራ አትዘዙ፤ አራት ይምጣ፣ ሲያልቅ ይጨመራል። ያልተነካው ብቻ ነው የሚመለሰው።

መመለሻውን ከመብላታችሁ በፊት ጨርሱ። ባጃጅ የሚያቆምበት ሰዓት እንደ ወቅቱ ሁኔታ ይለያያል፤ ይዟችሁ የመጣውን ሾፌር “ዛሬ እስከ ስንት ሰዓት ትሠራላችሁ?” በሉና ስልኩን ተቀበሉ። ኮንትራት ከሆነ የመመለሻውን ዋጋ በሄዳችሁበት ሰዓት ተስማሙ፤ 2፡30 ላይ በጨለማ የሚደረግ ድርድር ለእናንተ አይሆንም። ሰፈሩን የማታውቁት ከሆነ የቤቱን ስም ሳይሆን አጠገቡ ያለውን ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ወፍጮ ቤት ያዙ፤ ሾፌር የሚያውቀው እሱን ነው።

ምንም ካልተሳካ፣ 3 ሰዓት አልፎ ጓዳው ሁሉ ከታጠበ፣ ሻይ ቤት ፈልጉ። ትኩስ ፓስቲ ወይም ዳቦ በእንቁላል ከቃሪያ ጋር እስከ ማታ የሚሠሩ አሉ። እንቁላሉ ፊታችሁ ይሰበር፤ ፓስቲው ደግሞ ከመስኮቱ መደርደሪያ ላይ ሳይሆን ከመጥበሻው ይነሳ፤ የመስኮቱ የ10 ሰዓት ነው።